አሮጌ መኪና በዕድሜው አይወድቅም

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገቡ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ጥር 2016 ዓ.ም. ላይ ለምክር ቤቱ ሲገልጹ፣ የሁሉም ሰው ወሬ የኤሌክትሪክ መኪና ሆነ። ቻርጅ ማድረጊያው የት ይተከላል? መብራት ሲጠፋ ምን ይኮናል? ባትሪው ሲደክም ማን ይቀይረዋል? ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው፤ ዛሬም መልስ ይፈልጋሉ። ነገር ግን ውሳኔው ሌላ መዘዝም አለው፤ በእሱ ላይ ብዙም አልተነጋገርንም። አዲስ የቤንዚን መኪና ካልገባ፣ ዛሬ መንገድ ላይ ያለው የቤንዚን መኪና የሚተካው የለም ማለት ነው። ባለ ቪትዙ ቪትዙን፣ ባለ ዲኤክሱ ዲኤክሱን እያደሰ ይነዳል እንጂ አይጥለውም። በሩ የተዘጋው ደግሞ በአንድ ጊዜ አይደለም። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ዕድሜያቸው በገፋ ቁጥር ቀረጣቸው እንዲከብድ አድርጎ ነበር። ዓላማው አሮጌ መኪና እንዳይገባ ነው። ውጤቱ ግን ቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና ዋጋው እንዲወደድ፣ ባለቤቱም የሙጥኝ እንዲለው ሆነ።

እንግዲህ የአዲስ አበባን አየር በሚቀጥሉት ብዙ ዓመታት የሚወስኑት ገና የሚገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብቻ አይደሉም፤ አሁን ያሉት አሮጌዎቹም ናቸው። የጭስ ልቀት ልኬትም የዓመታዊው ምርመራ፣ የክላውዶው አካል እየሆነ በመምጣቱ፣ ፍሬንና መብራት ብቻ አሳይቶ ቦሎ መለጠፍ የለመደ ባለመኪና ሁሉ አዲስ ጭንቀት ገብቶታል። "የእኔ መኪና በዚህ ዕድሜው እንዴት አድርጎ ያልፋል?" ይላል። ጭንቀቱ የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያች መኪና የራይድ ሥራ ሠርቶ ልጆች የሚያስተምር አባት አለ፤ ጡረታ ወጥቶ ያለችውን አንድ ንብረት የሚነዳ አዛውንት አለ።

እኔ የማምነው ይህን ነው፤ መኪና በጭስ ምርመራ የሚወድቀው ስላረጀ ሳይሆን ስለተበላሸ ወይም ስላልተስተካከለ ነው። ይህ ማጽናኛ አይደለም፤ በመሣሪያ የሚለካ ነገር ነው። ስለዚህ የጭስ ምርመራው ፋይዳ የሚመዘነው ስንት መኪና ጣለ ተብሎ ሳይሆን ከወደቁት ውስጥ ስንቱ ተጠግኖ ተመለሰ ተብሎ ነው። ፈተናውን የሚያወጣው አካል ስለ ጋራዡ፣ ስለ መለዋወጫውና ስለ ነዳጁ ካላሰበ አየሩም አይጠራም፣ ባለመኪናውም ከወጪ በቀር የሚያተርፈው አይኖርም።

ከጭሱ እንጀምር። ቤንዚን ሙሉ ለሙሉ ተቃጥሎ እንዲያልቅ 1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ካነሰ ነዳጁ በግማሽ ይነድና ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል፤ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ዝግ ቤት ውስጥ ሰው የሚገድለው ጋዝ እሱ ነው። ጭራሽ ሳይነድ የሚያልፈው ነዳጅ ሃይድሮካርቦን ሆኖ ይወጣል፤ ከኋላ ቆሞ ዓይን የሚቆጠቁጠው፣ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸተው እሱ ነው። ሞተሩ ከልክ በላይ ሲግል ደግሞ በአየር ውስጥ ያሉት ናይትሮጅንና ኦክስጅን ተዋሕደው ናይትሮጅን ኦክሳይድ ይፈጥራሉ። መርማሪው ማርሚታው ጫፍ ውስጥ የሚከተው የመለኪያ ቱቦ በመሠረቱ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የከፈልክበት ነዳጅ ሞተሩ ውስጥ ነደደ ወይስ ሳይነድ ወጣ? ካርቦን ሞኖክሳይድ ገና ሊነድ የሚችል ጋዝ መሆኑን ልብ ይሏል። በማርሚታ በኩል ወደ ሰማይ የሚሄደው ኪሎ ሜትር ሊያስኬድ ይችል የነበረ ቤንዚን ነው። የነዳጅ ድጎማው ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየተነሣ፣ ዋጋው እየናረ በመጣበት ጊዜ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ነገሩን የሚያከብድ የተፈጥሮ ጉዳይ አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ሞተር በአንድ ትንፋሽ የሚስበው አየር ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚስበው ሩብ ያህል ያንሳል። ኢንጀክሽን ያለው መኪና ይህን ራሱ ያውቃል። ማርሚታው ላይ የተገጠመው የኦክስጅን ሴንሰር ትርፍ ነዳጅ መኖሩን ያነብና ኮምፒውተሩ ይቀንሳል። ካርቡሬተር ግን የሚያስብ አካል የለውም። ነዳጅ የሚያሳልፉት ቀዳዳዎች ጃፓን ወይም ጣሊያን ውስጥ፣ ለባሕር ጠለል አየር ተለክተው የተበሱ ናቸው። ያንኑ ካርቡሬተር እንጦጦ ግርጌ ሲያመጡት ከሚያስፈልገው ከ10 በመቶ በላይ ትርፍ ነዳጅ ይሰጣል። እንግዲህ አንድ አሮጌ ዲኤክስ ምንም ሳይበላሽ፣ ፋብሪካ እንደሠራው ሆኖ እንኳ፣ አዲስ አበባ ላይ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከፍ ይላል። አዳማ ወርዶ ቢለካ ከዚህ የተሻለ ያመጣል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ለመኪናው ዕድሜ ያሳብባል፤ የሚያውቅ ባለሙያ ግን ቀዳዳውን በጠበበው ይቀይራል፣ አየርና ነዳጁን እንደ ከፍታው ያስተካክላል።

ይህን ችግር ከእኛ ቀድማ የተጋፈጠች ከተማ አለች። በኮሎራዶ ግዛት ያለችው ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ላይ ናት፤ ከአጎራባቿ ኦሮራ ጋር የብዙ ኢትዮጵያውያን መኖሪያም ነች። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በክረምት ከተማዋ ላይ ቡናማ ደመና ይንሳፈፍ ነበር፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱም ከሕጉ ወሰን ደጋግሞ ያልፍ ነበር። የወሰዱት እርምጃ አንድ አይደለም። መኪኖች እንዲመረመሩ አደረጉ። በ1988 ደግሞ ኮሎራዶ በአገሪቱ የመጀመሪያ ሆና፣ በክረምት የሚሸጠው ቤንዚን ኦክስጅን ያለው ነገር እንዲቀላቀልበት በሕግ አዘዘች፤ ከእነዚህም አንዱ ኢታኖል ነው። አየሩ የነሳውን ኦክስጅን ነዳጁ ራሱ ይዞ እንዲመጣ ማለት ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዴንቨር የካርቦን ሞኖክሳይድ ወሰኑን አክብራ ከጥፋተኞች መዝገብ ወጣች። ኦዞን ግን እስከ ዛሬ ያስቸግራታል፤ ምርመራው ሁሉን ፈታ ማለቴ አይደለም።

የእኛን አገር የኢታኖል ታሪክ እዚህ ላይ ማንሳት ግድ ይላል። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚመጣ ኢታኖል አዲስ አበባ ላይ ከቤንዚን ጋር 5 በመቶ፣ በኋላም 10 በመቶ ይቀላቀል ነበር። የተጀመረው የውጭ ምንዛሪ ለማዳን ተብሎ ነው፤ ያኔ የተወራውም ስለ ዶላሩ ነው። ለከፍተኛ ቦታ ከተማና ለካርቡሬተር መኪና ግን ከዶላሩ ባልተናነሰ ለሳንባ የሚጠቅም ሥራ ነበር። አልዘለቀም። የጭስ ወሰን የሚያወጣ መንግሥት ይህን ሥራ እንደገና ቢያስብበት፣ ሺህ ባለመኪና ከመቅጣት በላይ ውጤት ያገኛል ብዬ አምናለሁ።

ከዴንቨር የምንማረው ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ግን የመጣው ከዩኒቨርሲቲ ነው። በዴንቨር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት ዶናልድ ስቴድማን በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) መንገድ ዳር ቆሞ የሚያልፈውን መኪና ጭስ በጨረር የሚለካ መሣሪያ ሠሩ። መኪናው አይቆምም፤ ያልፋል፤ መሣሪያው በዚያች ቅጽበት ያነባል፣ ካሜራው ታርጋውን ያነሳል። በሺዎች የሚቆጠሩ መኪኖች ከለኩ በኋላ ያገኙት ውጤት የብዙ ሰውን ግምት የሚቀይር ነበር፤ ከመኪናው ሁሉ 10 በመቶ የሚሆነው ብቻ የካርቦን ሞኖክሳይዱን ግማሽ ያህል ያወጣል። ከቆሻሾቹ መካከል አዲስም አለ፣ ከንጹሖቹ መካከል አሮጌም አለ። በእርግጥ አሮጌ መኪና የመበላሸት ዕድሉ ይበዛል። ነገር ግን በአግባቡ የተያዘ አሮጌ መኪና ካልተጠገነ አዲስ መኪና የጠራ ጭስ ሊኖረው እንደሚችል ስቴድማን እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ሲከራከሩ ኖረዋል። ሁሉንም ሰው በዓመት አንድ ቀን ከማሰለፍ ይልቅ እነዚያን ጥቂቶች ፈልጎ ማስጠገን ይሻላል ይሉ ነበር። ኮሎራዶም ሐሳቡን በከፊል ተቀብላለች። ዛሬ መንገድ ዳር የሚቆሙ መለኪያ የጫኑ መኪኖች አሉ፤ በተለያየ ቀን ንጹሕ ሆኖ የተመዘገበ መኪና ጣቢያ ሳይሄድ ፈተናውን እንዳለፈ ይቆጠርለታል።

የመገናኛን ወይም የሜክሲኮን የታክሲ ተራ የሚያውቅ ሰው ይህን በዓይኑ ያየዋል። ሃምሳ መኪና ያልፋል፤ አፍንጫ የሚያሲዘው አንዱ ወይም ሁለቱ ነው። ከማስክ ሌላ መከላከያ የሌለው ትራፊክ ፖሊስ፣ ዳር ላይ ቆሎ የምትሸጥ እናት፣ ታክሲ የሚጠብቁ ተማሪዎች የሚተነፍሱት የእነዚያን የሁለቱን ጭስ ነው። እነዚያን ሁለቱን ብቻ ማስጠገን ብንችል ተራው ላይ የሚቆመው ሰው በዚያው ሳምንት ልዩነቱን ያውቀዋል።

አሁን ወደ ጋራዥ እንግባ፤ መኪና የሚያልፈው እዚያ ነውና። ከወደቀ መኪና ጋር የሚመጣ ባለቤት መጀመሪያ የሚፈራው ሞተር መውረዱን ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሥራው ከዚያ በጣም ይቀላል። ቅደም ተከተሉን የሚያውቅ መካኒክ ከርካሹ ይጀምራል። የአየር ፊልትሮው በአቧራ ተደፍኖ ከሆነ ሞተሩ ያለ አየር ነዳጅ እየጠጣ ነው፤ በሚያቦካውና በሚያበናው የከተማችን ግንባታ መካከል ፊልትሮ ቶሎ ይሞላል። ካንዴላው ሲፈታ ጫፉ ይናገራል። ቡናማ ከሆነ ደህና ነው፤ ጥቀርሻ ከለበሰ ነዳጅ በዝቷል፤ በዘይት ከራሰ ችግሩ ጠለቅ ያለ ነው፤ ፋሻው ወይም የቫልቭ ጎማው አልቋል። የካንዴላ ገመድ ሲሰነጠቅ እሳቱ ያመልጥና አንዱ ሲሊንደር ሳይነድ ይቀራል፤ ያኔ ሃይድሮካርቦኑ ይሰቅላል። ካርቡሬተሩ ላይ ጠዋት ለማስነሣት የሚዘጋው የአየር ክዳን ተጣብቆ ሳይከፈት ሊውል ይችላል። ተንሳፋፊው ከፍ ብሎ ከተስተካከለ ነዳጅ ይፈሳል። በመጨረሻ የሚነካው የነዳጅና የአየር ማስተካከያ ብሎኑ ነው። እሱንም ቢሆን ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ ጭስ መለኪያው ተሰክቶ፣ ቁጥሩ እየታየ በሩብ ዙር እየተዞረ እንጂ በጆሮ አይደለም። እዚህ ላይ የእኛ አገር መካኒኮች ጆሮ የተመሰከረለት መሆኑን አልክድም። ይሁን እንጂ ለጆሮ ደስ የሚለው፣ ጠንካራ ድምፅ ያለው ሞተር ብዙውን ጊዜ ነዳጅ የበዛበት ሞተር ነው።

እንደዚህ ያለ ንግግርም ጋራዥ ውስጥ የተለመደ ነው።

"ልጄ፣ ለቦሎው ብቻ አስተካክልልኝና መልሰህ እንደነበረው አድርግልኝ። ነዳጅ ሲቀነስ ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል።"

"ጋሼ፣ ጉልበት ያጣው በነዳጅ ማነስ አይደለም። ቫልቩ አልተስተካከለም፣ ካንዴላውም አርጅቷል። እሱን ልሥራልዎትና ዳገቱን ራስዎ ይሞክሩት።"

ወጣቱ ልክ ነው። የዚህ ሁሉ ጉዳይ ቁልፉም እዚህ ነው። ለፈተናው ቀን ብቻ ነዳጁን አቅጥኖ፣ በማግስቱ መልሶ መክፈት በየጋራዡ የታወቀ ዘዴ ነው። መለኪያውን ለአንድ ቀን ያታልላል፤ አየሩን ግን አያታልልም፤ ኪስንም እንዲሁ። ከልክ በላይ ከቀጠነ ደግሞ ነዳጁ እሳት ሳይዝ ያልፍና ካርቦን ሞኖክሳይዱ ሲወርድ ሃይድሮካርቦኑ ይወጣል፤ መኪናው በሌላኛው መስመር ይወድቃል። ማርሚታውን በስቶ ንጹሕ አየር በመቀላቀል ቁጥሩን ዝቅ ለማድረግ የሚሞክርም አለ። ጥሩ መርማሪ ጋዞቹን ደምሮ ሲያይ ወዲያው ይነቃበታል።

ኢንጀክሽን ያላቸው መኪኖች፣ ማለትም ቪትዙ፣ አዲሶቹ ኮሮላዎች፣ ያሪሱ፣ ከዚህ የተለየ ጣጣ አላቸው። ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው የሞተር ምልክት ብዙ ባለቤት ለምዶት ይኖራል፤ አንዳንዱም አምፖሉን ያስነቅላል። ያ መብራት ግን የጭስ መብራት ነው። የኦክስጅን ሴንሰሩ ሲያረጅ ኮምፒውተሩ በጭፍን ነዳጅ ያበዛል። የአንድ ሴንሰር መሞት የመኪናውን የነዳጅ ወጪም የጭሱን ቁጥርም አብሮ ይሰቅለዋል። ስካነር አስገብቶ ኮዱን ማጥፋት ጥገና አይደለም። ዴንቨር ላይ ኮዱ ተሰርዞ የመጣ መኪና ኮምፒውተሩ ራሱን መርምሮ አለመጨረሱ ይታያል፤ ነድተህ ተመለስ ይባላል። እኛ ዘንድ ኮድ ማጥፋት እንደ ሙያ ተቆጥሮ ገንዘብ ይከፈልበታል። ይህ መቅረት ያለበት ነገር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ካታሊስቱ ነው። ማርሚታው መሐል ላይ ያለው፣ ውስጡ በፕላቲነም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም የተቀባው የማር እንጀራ መሳይ ሴራሚክ፣ ሦስቱንም ጋዞች ወደማይጎዱ ነገሮች ይለውጣል። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ይገድለው ነበር፤ ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች በእርሳስ የተበከለውን ቤንዚን በ2006 እ.ኤ.አ. መግቢያ ላይ ሲያስቀሩ ያ እንቅፋት ተነሣ። ሌላው እንቅፋት ግን እንዳለ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከ2015 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል መኪኖች ወደ ሌላው ዓለም ተሸጠዋል፤ 40 በመቶ ያህሉ የተራገፈው አፍሪካ ላይ ነው። የኔዘርላንድ ተቆጣጣሪዎች ከወደቦቻቸው ወደ አፍሪካ የሚጫኑትን ሲፈትሹ፣ አብዛኞቹ ሲጫኑ የጸና የብቃት ማረጋገጫ አልነበራቸውም። ካታሊስታቸው ውድ ማዕድን ስላለበት ቀድሞ ተቆርጦ የተወሰደባቸውም ነበሩ። ይህን ሳስብ እቆጫለሁ። የሀብታም አገር ነጋዴ የመኪናውን ሳንባ ቆርጦ ሸጠ፤ አንካሳውን መኪና ደግሞ በሙሉ ዋጋ ገዛነው። አሁን በክላውዶ ቀን የሚወቀሰው የመጨረሻው ገዢ ነው።

ካታሊስት የነበረው መኪና ያለ ካታሊስት ለአዲስ መኪና የተሠራውን ወሰን አያልፍም፤ ምንም ዓይነት ማስተካከያ አያሳልፈውም። ኦርጅናሉ ውድ ነው። ሶማሌ ተራ የሚገኘው ያገለገለው ደግሞ ውስጡ ቀልጦ ወይም ተራግፎ ሊሆን ይችላል። ሲያናውጡት የሚንኳኳ ከሆነ አለመግዛት ነው። ደህናው ተገኝቶ ቢገጠም እንኳ ዘይት የሚበላ ሞተር ላይ ብዙ አይቆይም፤ በዘይቱ ውስጥ ያለው ፎስፈረስ ያደክመዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ሞተሩ፣ ቀጥሎ ካታሊስቱ። ካታሊስት ያለው ባለመኪና ደግሞ አንድ ቀላል ነገር ይወቅ፤ ካታሊስቱ መሥራት የሚጀምረው ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው። ከቤት ተነሥቶ ሰፈር ካለው ጣቢያ የደረሰ፣ ወይም ወረፋ ላይ ሞተር አጥፍቶ አንድ ሰዓት የቆመ መኪና በቅዝቃዜው ብቻ ሊወድቅ ይችላል። ቀለበት መንገዱን አንድ ሃያ ደቂቃ ነድቶ፣ ሳያበርዱ መግባት ነው። መርማሪውም መኪናው መሞቁን ሳያረጋግጥ ባይለካ ፍትሐዊ ይሆናል።

ነዳጁም ተጠያቂ ነው። በየመንገዱ በጀሪካን የሚሸጠው ቤንዚን ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ቢቀላቀልበት ሹፌሩ በምን ያውቃል? ሞተሩ ሲያንኳኳና ካንዴላው ሲጠቁር ነው የሚያውቀው። ከማደያ ወረፋ የሸሸ ሰው ጥፋቱን በጭስ ወረቀቱ ላይ ያገኘዋል። የጭስ ቁጥጥር የሚጀምር አካል ማደያውንና የጀሪካኑን ገበያ ካልመረመረ ግማሹን ሥራ ትቶታል።

ስለ ናፍጣ ባጭሩ ልናገር፤ ጥቁሩን ጭስ የሚያወጣው በአብዛኛው እሱ ቢሆንም መፍትሔው የሚታወቅ ነው። ናፍጣ ሞተር የሚለካው በጭሱ ጥቁረት ነው፤ ነዳጅ በሙሉ ተረግጦ የሚወጣው ጭስ ምን ያህል ብርሃን እንደሚከልል ይታያል። ተርቦ የሌለው አሮጌ ናፍጣ ሞተር ከፍታ ላይ አየር ያጥረዋል፤ ጉልበት ሲያንሰው ባለቤቱ የነዳጅ ፓምፑን ያስከፍታል። ፓምፑ በተከፈተ መጠን ጭሱ ይጠቁራል፤ የሚገኘው ጉልበት ግን ጥቂት ነው። ፓምፑን ወደ ልኩ መመለስ፣ የሚያንጠባጥበውን ኢንጀክተር ማስፈተሽና ማስቀየር፣ ፊልትሮ መቀየር፣ ከሊብሬው በላይ አለመጫን፤ የአብዛኛው አይሱዙና ሚኒባስ መድኃኒት ይኸው ነው። የመጀመሪያዎቹ ተመርማሪዎች ደግሞ የመንግሥት መኪኖችና የከተማ አውቶቡሶች ቢሆኑ ሕዝቡ ሕጉን ለማመን አይቸገርም።

የወሰኑ አወጣጥ ላይ ብሪታንያ የሄደችበት መንገድ ለእኛ የሚመች ይመስለኛል። እዚያ ከነሐሴ 1975 እ.ኤ.አ. በፊት ሥራ የጀመረ መኪና ለምርመራ ከቀረበ ጭሱ በዓይን ብቻ ይታያል። ከዚያ እስከ 1986 አጋማሽ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከ4.5 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ እስከ 1992 አጋማሽ ያለው ከ3.5 በመቶ እንዳያልፍ ይጠየቃል። ካታሊስት ይዘው ለተሠሩት መኪኖች ወሰኑ ከ1 በመቶ በጣም ያነሰ ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ መኪና ሲሠራ ሊያደርግ የሚችለውን እንዲያደርግ ይጠየቃል፣ የማይችለውን አይጠየቅም። የ1978 እ.ኤ.አ. ዲኤክስን በ2010ሩ ያሪስ ወሰን መለካት ሁሉንም መጣል ነው፤ ሁሉም ከወደቀ ደግሞ ሁሉም በጓሮ ያልፋል። ሊከበር የማይችል ወሰን ጉቦን እንደሚጋብዝ አገራችን ከሌላ ብዙ ነገር ተምራለች። ወሰኖቹ በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ በተለኩ መኪኖች ተፈትሸው ቢወጡና ለአዋሽና ለጋምቤላ ተመሳሳይ እንዳይሆኑ ቢታሰብ ደግሞ የተሻለ ነው።

የመርማሪውና የጠጋኙ መለየትም አስፈላጊ ነው። ኮሎራዶ በ1995 እ.ኤ.አ. ፈተናውን ለፈተና ብቻ ለተቋቋሙ ጣቢያዎች የሰጠችው፣ የሚፈትነው ሰው ከጥገናው የሚያገኘው ትርፍ እንዳይኖር ነው። እኛ ዘንድ ጣቢያዎቹ ብዙዎቹ የግል ድርጅቶች ናቸው፤ ደንበኛ እንዳይሸሻቸው ማሳለፍ የሚቀናቸው ናቸው። ውጤቱ ከመለኪያው በቀጥታ፣ በሰው እጅ ሳይጻፍ፣ ወደ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሚሄድበት መንገድ ካልተበጀ የጭስ ቁጥሩ የሚወሰነው ሞተሩ ውስጥ ሳይሆን ቢሮ ውስጥ ይሆናል።

ለጋራዡስ? በአዲስ አበባ ስንት ጋራዥ ጭስ መለኪያ አለው ብዬ ስጠይቅ የምሰማው መልስ ያሳስበኛል። መሣሪያው በሌለበት፣ መካኒኩ ብሎን የሚያዞረው በግምት ነው፤ ባለመኪናውም ወድቆ፣ ተጠግኖ፣ ተመልሶ እስኪለካ ድረስ የተሠራው ሥራ መሥራቱን አያውቅም። በየክፍለ ከተማው አንድ ለጋራዦች በጋራ የሚሠራ መለኪያ ቢኖር፣ መሣሪያውም ሲገባ ከቀረጥ ነጻ ቢደረግ፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ለነባር መካኒኮች የሁለት ሳምንት ሥልጠና ቢሰጡ ወጪው ሕጉን ለማስከበር ከሚወጣው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። የወደቀ መኪና ከጥገና በኋላ ለመጀመሪያው ድጋሚ ልኬት ባይከፍል፣ ለጥገናም ሠላሳ ቀን ያህል ቢሰጠው ተገቢ ነው። ካሊፎርኒያ ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆኑ ባለቤቶችን በጭስ በወደቀ መኪናቸው የጥገና ወጪ ታግዛለች፤ የማይጠገነውንም ገዝታ ከመንገድ ታስወጣለች። በኤክሳይዝ ታክስ ከመኪና ብዙ ብር የሰበሰበ መንግሥት ከዚያ ጥቂቱን ለዚህ ቢመልስ ሕዝቡ ሕጉን እንደ ቅጣት አያየውም።

ወረቀቱ ራሱም መለወጥ አለበት። "ወድቋል" የሚል ማኅተም ለባለመኪናው ምንም አይነግረውም። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይህን ያህል፣ ሃይድሮካርቦኑ ይህን ያህል፣ ወሰኑ ይህ፣ ያለፈው ዓመት ውጤቱ ይህ ነበር ብሎ ቁጥሩ ቢጻፍለት፣ ያንን ይዞ ጋራዥ ሲሄድ መካኒኩ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ብቻ ከፍ ካለ ካርቡሬተሩን ይከፍታል፤ ሃይድሮካርቦኑ ከሰቀለ ካንዴላውንና ቫልቩን ይፈትሻል። ለዚህ የሚያስፈልገው ቁጥሩን የሚያትም ፕሪንተርና ቁጥሩን ለባለንብረቱ እንዲሰጥ መርማሪውን የሚያስገድድ አንድ መስመር መመሪያ ነው፤ በሚቀጥለው የምርመራ ወቅት ሊጀመር ይችላል።